የጋሽ አድማሱ ነጭ

ጋሽ አድማሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሥራ ትእዛዝ ጋር ነው። ጠዋት ከዶርም ወጥቼ ወደ ክፍል ስሄድ ስልኬ ጠራ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ነበሩ። አላለቀሱም፤ ድምፃቸው ግን ደርቋል።

«ሰናይት ልጄ፣ ጋሼሽ አረፈ።»

እዚያው መንገዱ ዳር ቆምኩ።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ድንኳኑን እየተከሉት ነው። ፎቶ የለውም» አሉኝ።

«እንዴት ፎቶ የላቸውም?»

«ያገሩን ሰው ሁሉ ሲያነሳ እሱን ማን አነሳው? አንዲት የመታወቂያ ጉርድ አለች። ያንን ላፕቶፕ ደግሞ ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። ነይና አውጪልኝ።»

መምህሬን አስፈቅጄ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጣሁ። ባጃጁ ወደ ሰፈራችን ወደ ቀሐ ሲወርድ በየማዕዘኑ የማውቀውን ሰው አየሁ፤ ገሚሱ ጋሽ አድማሱ ጋ ፎቶ የተነሣ ነው። በመንገድ ላይ ያሰብኩትንና ከደረስኩ በኋላ የሆነውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ፎቶ ቤታቸው ከጥምቀተ ባሕሩ ከፍ ብሎ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። መኖሪያቸው ከጓሮዋ ነው። እዚያ ቤት የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ስጠባበቅ ነበር። እናቴ «ቤት ተጎልተሽ ስልክ ከምትነካኪ ሄደሽ ጋሽ አድማሱን አግዢ» ብላ ላከችኝ። ፎቶ ማንሳት የምማር መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የተማርኩት ግን እንዴት እንደምቀመጥ ነው።

ላፕቶፗ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ማዕዘኖቿ የሚያርፉበትን ጠረጴዛው ላይ በሚስማር ጭረው ምልክት አድርገውበታል። ክዳኗም ወደ ኋላ እንዳይዘም ከጀርባው የእንጨት ሽብልቅ ተደግፎለታል። ወንበሩም ልክ አለው። እኔ ቆሜ ከትከሻቸው በላይ ስክሪኑን ሳይ ዞር ብለው፣

«ቁጭ በይ። ስክሪን እንደ ጌታ ሰው ነው፤ ከላይ ስታይው ይገረጣል፣ ከታች ስታይው ይጠቁራል። ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ ነው የምታነጋግሪው» አሉኝ።

ያደጉት በቤተ ክህነት ቤት ነው። አባታቸው ቄስ ነበሩ፤ እሳቸውም ዳዊት ደግመዋል። ግን አጎታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥሉ ስለነበር የቀለሙ ነገር ሳባቸው። «ድቁናዬን በብሩሽ ለወጥኩት» ይሉ ነበር እየሳቁ። ከአጎታቸው ቀለም መበጥበጥ ተማሩ፤ ከዚያ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ጥቁርና ነጭ ፎቶ በብሩሽ ያቀልሙ ጀመር። ኮምፒውተር ሲመጣ ብሩሹን አስቀመጡት እንጂ ሥራውን አልለወጡም። ቀለምን እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ግዕዙ «ኅብር» ነበር የሚሉት።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ፕሪንተሩ ወረቀቱን መግፋት ሲጀምር ባርኔጣቸውን አውልቀው ይነሣሉ። መጀመሪያ ፀጉር ይወጣል፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ዓይን። እስኪያልቅ ቆመው ይጠብቃሉ። ለምን እንደሚቆሙ ስጠይቃቸው የተገረሙ መሰሉ።

«ሰው እየገባ አይደለም እንዴ? ቁጭ ብዬ ልቀበለው?»

ወረቀቱ ወጥቶ ሲያልቅ «ይትባረክ» ይላሉ፤ ከዚያ ይቀመጣሉ።

ዋናው ሥራቸው ሙታንን ማቅለም ነበር። ከትክል ድንጋይ፣ ከሳንጃ፣ ከየገጠሩ ሰዎች የሟች ዘመዳቸውን ጉርድ ፎቶ በመሐረብ ጠቅልለው ያመጣሉ። ብዙ ጊዜ ከመታወቂያ የተላጠ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ማኅተም ትከሻው ላይ አርፎበታል። ለተዝካር ወይም ለሙት ዓመት ትልቅ፣ ባለ ቀለም ሆኖ እንዲወጣላቸው ይፈልጋሉ። ጋሽ አድማሱ ማኅተሙን ካጠፉ በኋላ ወደ ሰዎቹ ይዞራሉ። መልኩ እንዴት ነበር? ጠይም? የቀይ ዳማ? ቀይ?

አንድ ቀን ከሳንጃ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች እዚያው ተጣሉ።

«ጠይም ነበር» አለ ታናሽየው።

«ኧረ ወዲያ! ቀይ ነው እንጂ። ያጠቆረው የሰሊጥ ማሳው ነው» አለ ታላቅየው።

ጋሽ አድማሱ ሁለቱንም በተራ አዩአቸው። «እሺ፣ የትኛውን ላውጣላችሁ? የእናቱን ልጅ ነው የሰሊጡን?»

ተያዩ። «የእናቱን» አሉ ባንድ ድምፅ።

ከዚያ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ። «ከሁለታችሁ እሱን በመልክ የሚቀርበው ማነው? እጅህን አምጣ» አሉ። ታላቅየው እጁን ከስክሪኑ ጎን አስጠጋ። ጋሽ አድማሱ የስክሪኑን ፊትና የሰውየውን እጅ እያስተያዩ ቀለሙን ትንሽ ትንሽ ያስጠጉት ጀመር። ይህ ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የወንድሙ ፊት የራሱን ቆዳ እየመሰለ ሲመጣ ማየት ነበረበት። ብዙዎቹ የሚያለቅሱት እዚህ ላይ ነው። የስክሪኑ የቀኝ ጠርዝ ከብዙ እጅ የተነሣ ቀለሙ ተፍቆ ነጥቷል።

ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲመጣ ጋሽ አድማሱ ያጉረመርሙ ጀመር። በመጀመሪያ ያጉረመረሙት በእትዬ ብርቄ ላይ ነበር።

«ምነው ብርቄ፣ ነጠላው ሁሉ ቢጫ ሆነ? ምን ሳሙና ነው የምትገዢው?»

«ቢጫ? ይህ ነው ቢጫ?» እትዬ ብርቄ ነጠላውን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው አገላበጡት። ሌላ ሳሙና ገዙ። ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ «ሳሙና ፋብሪካ ግባና ራስህ ቀቅለው!» ብለው ዝም አሉ።

ቀጥሎ አምፖሉ ጥፋተኛ ሆነ፤ ተለወጠ። ቀጥሎ ላፕቶፗ። ፎቶው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ስለታያቸው ባለ እጁ ከሄደ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ሰማያዊ ይጨምሩ ጀመር። በመጀመሪያ ጥቂት ነበር፤ ከሳምንት ሳምንት እየባሰ ሄደ። እኔ እሳቸው ያውቃሉ ብዬ አሰብኩ። ሰው ግን መጥቶ ፎቶውን ይቀበላል፣ አገላብጦ ያየዋል፣ «ሸጋ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ያረጁ ሰው ናቸው፣ ደግ ናቸው፤ የማን አፍ ይደፍራቸዋል? በኋላ እንደሰማሁት ብዙዎቹ ፎቶውን ብርሃን በማይደርስበት ጥግ ነበር የሰቀሉት።

ጥምቀት ደረሰ። እንደ ልማዳቸው ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ቆመው ቀኑን ሙሉ አነሡ። ፎቶዎቹ ሲወጡ ካህኑም፣ ምእመኑም፣ ሆ ባዩም ከከንፈሩ እስከ ጥፍሩ ሰማያዊ ነበር። የሰፈር ልጆች ከበሩ ላይ ተሰብስበው እያዩ፣

«ይሄ ሁሉ ሰው ሳይረጭ ነው እንዴ የተንቀጠቀጠው?» ይባባላሉ።

«ጋሽ አድማሱ ጋ የተነሣ ጋቢ ይዞ ይምጣ!»

ጋሽ አድማሱ ከውስጥ ሆነው ሳቁን ይሰሙና አብረው ይስቃሉ። ስለ ውሃው የሚያወሩ መስሏቸው ነው።

እማማ እናኑ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ትክል ድንጋይ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አንድ ልጃቸው ታሞ ሞቶባቸው ነበር፤ ሙት ዓመቱ ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት ይውላል። ለዚያ ብለው ፎቶውን አሠርተው፣ እንደ ሌላው ሰው «ሸጋ ነው» ብለው ወስደውት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ተመልሰው መጡ። ፎቶውን በነጠላቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ይዘውታል። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«እንደምን ሰነበቱ አያ አድማሱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ እንጂ፤ ምነው በደህና?»

«በደህና ነው። እንዲያው… እንዴት ብዬ ልንገርዎ?»

«ይንገሩኝ።»

እማማ እናኑ ፎቶውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ልጄን በርዶታል» አሉ።

ጋሽ አድማሱ ፈገግ አሉ። ገባኝ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ አልገባቸውም። «በርዶታል? ማን?»

«ልጄ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ማታ ማታ እንዲህ ሆኖ ሲያየኝ ብርድ ልብስ ላለብሰው ያምረኛል። አያ አድማሱ፣ አይቀየሙኝ፤ ልጄ ምነው እንዲህ በረደው?»

እማማ እናኑ እጃቸውን ከፎቶው ጎን ዘረጉ፤ ያንን የጋሽ አድማሱን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን አይተውት ነበር። «ይኸው እጄ። ከዚህ ነው የወጣ» አሉ።

ጋሽ አድማሱ ፎቶውን ይዘው ወደ ፀሐይ ወጡ። አገላብጠው አዩት፣ አራቁት፣ አቀረቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉና ደግመው አዩት። ከዚያ ጠሩኝ።

«ሰናይት፣ ነይ እስኪ። እኔ ደህና ሆኖ ነው የሚታየኝ። አንቺ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሰማያዊ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በጣም?»

«በጣም ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ቆይቷል።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ደጃፉ ላይ ካለችው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የተናገሩት፣

«ብርቄን በሳሙና በደልኳት» የሚል ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ሞራ ነው አላቸው። ሞራው ሲበስል ነጭን ቢጫ፣ ሰማያዊን ግራጫ ያደርጋል፤ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ግን ስኳር ስላለባቸው መጀመሪያ ስኳሩ መውረድ ነበረበት። ቀጠሮ ተሰጣቸውና ተመለሱ። ሲመለሱ ከእትዬ ብርቄ ነጠላ አንዱን ወስደው ላፕቶፗን አለበሷት፤ ሬሳ እንደሚሸፈን ማለት ነው።

«አንቺ ሥሪው የእናኑን ልጅ» አሉኝ።

ሞከርኩ። የምችለውን ሁሉ አደረግሁ፤ ቀለሙን ከጥላው፣ ጥላውን ከቆዳው ለማስማማት ሁለት ቀን ታገልኩ። የሠራሁት ፊት ጭምብል መሰለ። እጄ ገና ነበር። ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነው፤ እማማ እናኑ ደግሞ ፎቶውን እዚያው ትተውት ሄደዋል። «አያ አድማሱ ካልሠሩት ይቅር፤ ሌላ ሰው ልጄን አያውቀውም» ብለዋል። ጋሽ አድማሱ ግን ነጠላውን አላነሡም። ጠዋት ይነሣሉ፣ ዱካዋ ላይ ይቀመጣሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ዱካዋ ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ ብርቄ ከጓሮ መጥተው በጆሮዬ «እንዲህ ከተቀመጠ አይከርምልኝም» አሉኝ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከስልኬ ነው። ማታ ማታ ስክሪኑ ዓይን እንዳይጎዳ ተብሎ በራሱ ቢጫ የሚሆንበት ነገር አለ። ላፕቶፗም ውስጥ አለ፤ ምናልባት እሱ በርቶ ይሆናል ብዬ ነጠላውን ገልጬ አየሁ። ጠፍቶ ነበር። ግን ያንን ስፈልግ ከዚያው አጠገብ የስክሪኑን ቀለም ማስተካከያ አገኘሁ። ሦስት መስመሮች አሉ፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ የምትጎተት ነጥብ አለች። እዚያ የሚደረገው ነገር ፎቶውን አይነካውም፤ የሚለወጠው ስክሪኑ ብቻ ነው።

ወደ ደጃፉ ወጣሁ። «ጋሼ፣ እስካሁን ሰማያዊውን የሚጨምሩት ፎቶው ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ብንጨምረውስ? ፎቶው ሳይነካ እንዳለ ይቀመጥ።»

ወደ እኔ ዞር ብለው፣

«መነጽሩን ለኔ ሳይሆን ለላፕቶፗ እናድርግላት ነው የምትይው?» አሉ።

«አዎ! እሱን ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ» ብለው ተነሡ።

ስክሪኑ ላይ ምንም የሌለበት ነጭ ገጽ ከፈትኩ። ጋሽ አድማሱ እንደ ድሮው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ቀዩን ቀነሱት። አረንጓዴውን ጥቂት ቀነሱት። ሰማያዊውን አልነኩትም፤ ቀዩን እንደገና ቀነስ አደረጉት። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይከፍታሉ። የሚፈልጉት ነጭ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ የሚያስታውሱት ነጭ ነበር። በመጨረሻ እጃቸው ቆመ።

«ይኸውና» አሉ ቀስ ብለው። «ነጭ።»

ለእኔ ገጹ እንደ ደባርቅ የውርጭ ጠዋት ሰማያዊ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከሱ ላይ ሊነቅሉ አልቻሉም። ከዚያ ድንገት ወደ ጓሮ ጮኹ።

«ብርቄ! ሳሙናሽ ደህና ነው!»

«ዛሬ ገባህ?» አሉ እትዬ ብርቄ ከውስጥ።

ያንን አቀማመጥ አስቀመጥነው። ላፕቶፗ ስም ስትጠይቀን «የአድማሱ» በይው አሉኝ። የፊተኛውን፣ ሌሎቻችን የምናይበትን ደግሞ «የሰው» አሉት። እንደፈለግን ከአንዱ ወደ ሌላው እንሻገራለን። እሳቸው «የአድማሱ» ላይ ይሠራሉ፤ ሲጨርሱ እኔ ወደ «የሰው» እመልሰዋለሁ። የእማማ እናኑን ልጅ የሠሩት በዚህ ዓይነት ነው። እማማ እናኑ በቀጠሮአቸው መጥተው እጃቸውን ከስክሪኑ ጎን ዘረጉ፤ ጋሽ አድማሱ ሲጨርሱ እኔ ስክሪኑን ወደ «የሰው» መለስኩት፤ እሳቸውም ዞር አሉላቸው።

«አሁንስ? በርዶታል?»

እማማ እናኑ ለረጅም ጊዜ አዩት። «አይ» አሉ። «አሁን ሞቀው።»

ፎቶው ሲወጣ ጋሽ አድማሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ለእሳቸው ዓይን ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ልጅ ቢጫ ነበር፤ ወረቀት መነጽር አያደርግም። «ይትባረክ» ከማለታቸው በፊት እኔን አዩኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ያሉት። የራሳቸውን ዓይን ትተው በሌላ ሰው ዓይን «ይትባረክ» ማለት ለእንደሳቸው ያለ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ልማድ አመጡ። ማንኛውም ፎቶ ከመውጣቱ በፊት ወደ በሩ ወጥተው መንገደኛ ይጠራሉ። ማንም ይሁን፤ ተማሪ፣ ቄስ፣ ሎሚ ሻጭ።

«ና እስኪ ወንድሜ፣ ይህን ሰው እየው። በርዶታል?»

ሰውየው እንደ ልማዱ «ሸጋ ነው» ካለ ይቆጣሉ። «ሸጋ ነው አትበለኝ! ዓይኔን የደበቃችሁብኝ ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው እያላችሁ ነው። እኔ የጠየቅሁህ በርዶታል ወይስ አልበረደውም ነው።» እንዲህ ሲጠየቅ ሰው መሸሻ የለውም። ቀረብ ብሎ በእውነት ያያል። «ትንሽ በርዶታል» የሚል አለ። አንድ ባለ ባጃጅ ከነሞተሩ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አስገብቶ፣

«ጋሽ አድማሱ፣ እኚህኛው ላብ በላብ ሆነዋል!» አላቸው።

«ካላባቸው ትንሽ እናስነፍሳቸው» ብለው ቀዩን ቀነሱ። «አሁንስ?»

«አሁን ደህና ናቸው፤ እንደውም ሻይ ይጠጣሉ!»

ፎቶ ቤቷ እንደዚያ ጊዜ ሞልታ አታውቅም። ሰው ለመነሣት ብቻ ሳይሆን ለማየትም ይመጣ ጀመር። ድሮ ከበሩ ላይ የሚሳለቁት ልጆች ሳይጠሩ እየገቡ «ይሄ አልበረደውም ጋሼ» ይላሉ። ጋሽ አድማሱ የበፊቱን ፎቶ የወሰዱትን ሁሉ በሰው በሰው አስጠርተው «የበረደውን ሰው ሁሉ አምጡልኝ» አሉ። ከየጨለማው ጥግ ወጥቶ ብዙ ሰማያዊ ሰው መጣ። አንድ በአንድ አሞቁት።

እኔ ምደባ ደርሶኝ ግቢ ገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያቸው ነበር። ስኳሩ አልወርድ እያለ የሞራው ቀጠሮ ሁለቴ ተገፋ። «ይገፋ ተይው፤ እኔ እንደሆነ የሰፈሩን ሁሉ ዓይን ተበድሬያለሁ» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ልብስ ደርበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ቀለዱብኝ፤ ከዚያ እጄን ይዘው «አይ፣ አልበረደሽም» አሉ። የመጨረሻ ቃላቸው ለእኔ ይህ ነው።

ባጃጁ ሲቆም ድንኳኑ ተተክሏል። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ፎቶ ቤቷ ውስጥ ይጠብቁኛል፤ ሌላው ሰው ከድንኳኑ ነው። ጉርዷን ሰጡኝ። ትንሽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ማኅተም ትከሻዋ ላይ አርፎባታል። እዚህ ቤት እንደመጣው ሌላ ፎቶ ሁሉ ነች። ለምን ራሳቸውን አቅልመው እንዳላወጡ አንድ ጊዜ ጠይቄአቸው «የራሱን እጅ ከስክሪን ጎን የሚይዝ ሰው በምን እጁ ይሠራል?» ብለውኝ ነበር።

ፎቶዋን ወደ ላፕቶፗ አስገባሁ፣ ማኅተሙን አጠፋሁ፣ ማቅለም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀለም ሲያርፍ እትዬ ብርቄ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

«ውይ! ምነው በረደው?»

ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ ላፕቶፗ «የአድማሱ» ላይ ነበረች። ለመጨረሻ ጊዜ የሠሩባት እሳቸው ናቸው። «እሳቸውን አይደለም እትዬ፤ ስክሪኑ ነው። የሳቸው ዓይን ነው» አልኳቸው። ልመልሰው እጄን ሳነሣ ግን ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ። እሱ የሚያየው እንዲህ ነው?»

«ለኛ ነው ሰማያዊ። ለሳቸው እንዲህ ሲሆን ነጭ ነው።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ጫፉን አንሥተው ከስክሪኑ አጠገብ ያዙት። «እና ይህን ነበር ቢጫ የሚለኝ…» አሉና ጫፉን ለቀቁት። «በይ መልሺው» አሉኝ።

ወደ «የሰው» መለስኩት። አሁን የሚያስፈልገው እጅ ነበር። ልጅ የላቸውም፤ ወንድም እህትም በሕይወት የለም። ማንን ልጥራ ብዬ ሳስብ እትዬ ብርቄ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና እጃቸውን በስክሪኑ የተፋቀ ጠርዝ ላይ አሳረፉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ግን ቀይ ነዎት፤ እሳቸው ጠይም ናቸው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ስንት ዘመን ሙሉ እጁ ከእጄ ጎን ነው የኖረው። ስንት እንደምንለያይ ካንቺም ከላፕቶፑም ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ጀምሪ።»

ጀመርኩ። «አጥቁሪው» ይላሉ። «ትንሽ ጨምሪ። አይ፣ በዛ፤ ያ የፀሐይ ነው፣ የሱ አይደለም።» ከእጃቸው ቆዳ እየራቅሁ፣ እየራቅሁ ሄድኩ። በመጨረሻ «በቃ» አሉ። እውነትም እሳቸው ነበሩ።

ፕሪንተሩ መግፋት ሲጀምር ሁለታችንም ሳንነጋገር ተነሣን። ፀጉሩ ወጣ፣ ግንባሩ ወጣ፣ ዓይኑ ወጣ። አንድም ሰው አልጠራንም፤ ከድንኳኑ ግን እማማ እናኑ በሩ ላይ መጥተው ነበር። ከትክል ድንጋይ እንዴት እንደሰሙና እንዴት እንደደረሱ አላውቅም። አቧራ ለብሰዋል። ገብተው ከወረቀቱ ፊት ቆሙ። ሸጋ ነው አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ አድማሱን ፊት ሳይነኩ፣ እሳት እንደሚሞቅ ሰው መዳፋቸውን ከፎቶው በላይ ያዙት።

«አልበረዳቸውም» አሉ።

እትዬ ብርቄ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱት። ከዚያ ፎቶውን በሁለት እጃቸው አነሡና «ይትባረክ» ብለው ወደ ድንኳኑ ይዘውት ወጡ።